የቤት ወሬ በመናፈሻ ወንበር ላይ

ውጭ አገር ካለች ልጃችሁ ጋር ስትነጋገሩ በሩን ዘጋ የምታደርጉ ይመስለኛል። ልጅቱ ቤይሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ ከሆነች ደግሞ ስለ ደመወዟ፣ ስለ አሠሪዋ ጠባይና ስለ ጤንነቷ የምትጠይቋትን ጎረቤት እንዲሰማው አትፈልጉም። በኢሞ ፊቷን እያያችሁ፣ ከስታ እንደሆነ እየመረመራችሁ የምታወሩት የቤተሰብ ጉዳይ ነውና። ይህንኑ ወሬ በመናፈሻ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ፣ ግራና ቀኝ የማታውቁት ሰው ተደርድሮ፣ ሒሳቡም በደቂቃ እየተቆጠረ ብታወሩት ምን ይሰማችኋል? የኩባ እናቶች ለጥቂት ዓመታት ከልጆቻቸው ጋር የተገናኙት በዚህ ዓይነት ነበር።

ኩባን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በ1970ዎቹ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች፣ ብዙዎቹም ወላጆቻቸውን በጦርነት ያጡ፣ ወደዚያች አገር ተልከው በወጣቶች ደሴት በተከፈቱ ትምህርት ቤቶች መማራቸውን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ከእነርሱ አንዱ ጎረቤታችን ነው። በዚያ ዘመን ደብዳቤ ከአገር ቤት እስኪደርስ ወራት ይፈጅ ነበር ይላል። እርሱን ግን ከደብዳቤው ይልቅ ያጽናናችው የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበረች። እስከ ዛሬ «ማማ» ነው የሚላት። በ1981 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲመለስ ተለያዩ፤ ደብዳቤውም እየሳሳ ሄዶ ቆመ።

ኩባ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘችው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን፣ መስመሩ በሳተላይት ስለነበር ዘገምተኛና ውድ ነበር። ከቬንዙዌላ በባሕር ሥር የተዘረጋው ገመድ በ2011 ወደ ሳንቲያጎ ዴ ኩባ አካባቢ ደረሰ፤ ሥራ መጀመሩ የታወቀው ግን በ2013 ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ 118 የመጠቀሚያ ክፍሎች ለሕዝብ ተከፈቱ። በሐምሌ 2015 ደግሞ መንግሥት በ35 የአደባባይ ሥፍራዎች የዋይፋይ አገልግሎት ጀመረ፤ ሐቫና ውስጥ ላ ራምፓ የተባለው መንገድ በዚህ በጣም የታወቀ ነው። ለመዘግየቱ መንግሥቱ የአሜሪካን ማዕቀብ ይወቅሳል፤ ተቺዎቹ ደግሞ መንግሥቱ ወሬ እንዳይገባና እንዳይወጣ መፍራቱን ያነሳሉ። በበኩሌ ሁለቱም እውነት አላቸው እላለሁ። ማዕቀቡ ገመዱን አዘግይቷል፤ ገመዱ ከደረሰ በኋላ የባከነው ጊዜ ግን የማዕቀቡ አይደለም።

የቤት አስተዳዳሪ የሆናችሁ አንባቢያን ዋጋውን መጠየቃችሁ አይቀርም። በ2013 አንድ ሰዓት 4.50 ዶላር ገደማ ነበር፤ ዋይፋዩ ሲከፈት ወደ 2 ዶላር ወረደ። የመንግሥት ሠራተኛ አማካይ ደመወዝ ያኔ በወር ከ25 ዶላር ብዙም ይርቅ ስላልነበረ፣ አንድ ሰዓት ማውራት የሁለት ቀን ልፋት ያህል ይጠይቅ ነበር ማለት ነው። ካርዱ ተፍቆ ቁጥር የሚወጣበት ነበር። ለመግዛት ሰልፍ ነበር፤ ሰልፉን ያልቻለ ከአትራፊ በ3 ዶላር ይገዛ ነበር። ካርዱን የሚችሉት አብዛኛውን ጊዜ ውጭ ያለ ዘመድ የሚደጉማቸው ነበሩ፤ ማለትም ልጅቱ ለእናቷ ድምፅ ራሷ ትከፍል ነበር። ይህ እኛ ዘንድም እንግዳ ነገር አይደለም።

ጎረቤታችንን የማማ የእህት ልጅ በፌስቡክ ፈልጋ አገኘችው። በ2009 ዓ.ም. ከ28 ዓመት በኋላ ፊቷን ያየው ከኑዌቫ ሄሮና መናፈሻ ነው። ማማ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ነበር የምትወጣው፤ ያ ለእኛ ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው። ሚስቱ ስልኩ በተንጫረረ ቁጥር እየባነነች ትነሳ እንደነበር እየሳቀች ታጫውተናለች። ከማማ ኋላ ሰው ይጮኻል፣ ሌላ እናት ታለቅሳለች፣ ሕፃናት ይሯሯጣሉ። አንዳንድ ጸሐፊዎች ያን መናፈሻ ሰው የሚቀራረብበት ደስ የሚል ሥፍራ አድርገው ጽፈውታል። እኔ አልስማማም። ገንዘብ ላኩልኝ የምትል እናት፣ ትዳሯ መፍረሱን ለእህቷ የምትነግር ሴት እንግዳ ጆሮ አያስፈልጋትም።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 በኩባ ኢንተርኔት በእጅ ስልክ ተፈቀደ። ማማ መጀመሪያ ያደረገችው ስልኩን ይዛ ምድጃዋን፣ አልጋዋንና ግድግዳው ላይ የሰቀለችውን የልጆቹን ፎቶግራፍ ማሳየት ነበር። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጡቷን መታመሟንና ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት አንድ ዓመት ማለፉን ነገረችው። ያን ሁሉ ጊዜ በየወሩ ሲያያት «ደህና ነኝ» ስትለው ነበር። ለምን እንዳልነገረችው ሲጠይቃት «በመናፈሻ እንዴት አድርጌ ጡቴን ልጥራ?» አለችው።

መስመር መኖር አንድ ነገር ነው፣ መቆየቱ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2021 በኩባ ሕዝብ ለተቃውሞ ሲወጣ ኢንተርኔቱ ተስተጓጎለ። ልጃቸው በሰላም መግባቱን ማወቅ ያልቻሉ እናቶች ያኔ ምን ተሰምቷቸው ይሆን ብዬ ብዙም መገመት አያስፈልገኝም፤ በአገራችንም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦባቸው የልጆቻቸውን መኖርና አለመኖር ሳያውቁ የከረሙ የትግራይ እናቶች ያውቁታል።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 መጨረሻ ደግሞ የኩባ ቴሌ ድርጅት አዲስ ታሪፍ አወጣ። በአገሩ ገንዘብ በ360 ፔሶ የሚገዛው በወር 6 ጊጋባይት ብቻ ሆነ፤ ተጨማሪ 3 ጊጋባይት የፈለገ 3,360 ፔሶ እንዲከፍል ተባለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በይፋ ተቃወሙ። የመብራት መጥፋቱም በላዩ አለ። ማማ አሁን ምስሉን ዘግታ በድምፅ ብቻ ታወራለች። ጎረቤታችን ግን በየወሩ አንድ ጊዜ ምስሉን እንድትከፍት ያስገድዳታል፤ ስለ ጤናዋ ቃሏን ብቻ ማመን ትቷል።