ድልድዩ አጠገብ የነበረው ቪዲዮ ቤት

ገላባትንና መተማ ዮሐንስን የሚለያቸው በበጋ ጠጠሩ ብቻ የሚታይ ወንዝ ነው። ድልድዩ አጭር ነው፤ ወዲህ የእኛ ኬላ፣ ወዲያ የሱዳን ኬላ። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 የወደቁት በዚህ ምድር ስለሆነ የመተማ ልጅ ፊደል ሳይቆጥር ስለ ጦርነቱ ይሰማል። እኔም እየሰማሁ አደግሁ። ሙያዬን ያገኘሁት ግን ከድልድዩ ትንሽ ገባ ብሎ በነበረ፣ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ በሆነ አንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። ኮሜዲ ተዋናይ ከሆንኩ በኋላ የትኛውን ሚና እንደምቀበል፣ የትኛውን እንደምመልስ የወሰንኩትም እዚያው ተቀምጬ ነው። ስለ ፊልማችን ስጠየቅ ወሬዬ ከአዲስ አበባ የማይጀምረው ለዚህ ነው።

ዘመኑ 1990ዎቹ ነው። ቀን የሕንድ ፊልም፣ ማታ የአማርኛ። ጄኔሬተሩ ውጭ ይጮኻል፤ አግዳሚው ሲሞላ የቀረው ሰው ጀሪካን አጋድሞ ይቀመጣል። የመተማን የሚያዝያ ሙቀት ለማያውቅ ሰው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተፋፍጎ መሳቅ ምን እንደሚመስል ማስረዳት ይከብደኛል። ከሁሉ አብልጠን የምንወደው ከኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተቀዱትን አጫጭር ኮሜዲዎች ነበር፤ ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካን፣ ደረጄ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩን። ንግግራቸውን ሸምድደን በማግስቱ ትምህርት ቤት እንጫወተው ነበር።

በሰሊጥ ወቅት ቤቱ ሌላ ቤት ይሆናል። ለአረም በክረምቱ፣ ለአጨዳ ደግሞ ከመስቀል በኋላ ከጎጃም፣ ከወሎና ከጎንደር ደጋ የሚወርዱት ሠራተኞች ከተማውን ይሞሉታል። ከመካከላቸው ቆላውን ቤታቸው ያደረጉት፣ ሳሉግ የምንላቸው አሉ። ቅዳሜ ማታ ከእርሻ ካምፕ በትራክተር ተጭነው ይመጡና የሳምንቱን ድካም እዚያ ያራግፋሉ። ከገላባት ደግሞ ጀላቢያ የለበሱ ሱዳናውያን ድልድዩን ተሻግረው ከኋላ ይቆማሉ።

ሱዳናውያኑ አማርኛ ብዙም አይሰሙም። ነገር ግን አንዳንድ ቦታ ከእኛ ቀድመው ይስቁ ነበር። ይህ ለረጅም ጊዜ ሲያስገርመኝ ኖሮ አንድ ማታ ስክሪኑን ትቼ እነሱን ማየት ጀመርኩ። እኛ ቀልዱ እስኪነገር ስንጠብቅ እነሱ የተዋናዩን ትከሻ፣ አንገት፣ የእጁን መንቀጥቀጥ ይከተላሉ። ሰውየው ሊዋሽ መሆኑን ከአፉ በፊት ከጉልበቱ ያውቁታል። ከዚያ በኋላ የተማርኩት ሁሉ ማብራሪያ ነው እላለሁ፤ ዋናውን ትምህርት የሰጡኝ እነዚያ ከኋላ የቆሙ ሰዎች ናቸው።

ከገዳሪፍ ማሽላ ጭኖ የሚመጣ አንድ ሾፌር ነበር። ገላባት ሻይ ቤት ሲያገኘን «ያ ዞል፣ የእኛን አታውቁም እንዴ?» ብሎ ስለ አልፋዲል ሰዒድ ያወራልን ነበር። አልፋዲል ሰዒድ የሱዳን ቲያትር ትልቅ ኮሜዲያን ነበር፤ ቢት ገዲም የምትባል ምላሰኛ አሮጊት ሆኖ በመጫወት አገሩን ሁሉ አስቋል። ሾፌሩ የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጦ ይነሳና ወገቡን በእጁ ይዞ፣ ከንፈሩን አሹሎ አካሄዷን ያሳየናል። ያን አካሄድ ከእሱ ወሰድኩ። ጎንደር የኪነት ቡድን ውስጥ ስገባ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስጨበጨበልኝ ያ አካሄድ ነው፤ ተመልካቹ የጎንደር አሮጊት መስላው ነበር።

አዲስ አበባ የደረስኩት የአማርኛ ፊልም በሚፈላበት ዘመን ነው። ቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን»ን ሠርቶ ሰውን ወደ ሲኒማ ከመለሰ በኋላ ሁሉም ካሜራ አነሳ። የሴሉሎይድ ፊልም ወጪ ማንንም አያስደፍርም ነበር፤ ዲጂታል ቪዲዮ ሲመጣ ግን ነጋዴውም ተማሪውም ፕሮዲውሰር ሆነ። አምባሳደርና አምፒር በር ላይ ሰልፉ ይታጠፋል። የአድማሱ ከበደ «የወንዶች ጉዳይ» ተወዳጅ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ሮማንቲክ ኮሜዲ የማይጠይቅ ፕሮዲውሰር ጠፋ። ለእኛ ለኮሜዲ ተዋንያን ሥራ በዛልን፤ ቦታችን ግን ጠበበ። ሁለቱ ቆንጆዎች ይፋቀራሉ፤ እኛ በር እንከፍታለን። ዘበኛ፣ ከገጠር የመጣ ዘመድ፣ ከተማ የጠፋበት አጎት። ሳቁ የሚጠበቀው ከአነጋገሩ ነው፤ ሊፍት ሲያይ እንዲደነግጥ፣ ፈረንጅኛ ቃል ሲሰማ እንዲያጣምም ይጻፍለታል።

እንዲህ ያለ ሚና ተሰጥቶኝ ስክሪፕቱን ይዤ መተማ ወረድኩ። ጥቅምት ነበር፣ ሰሊጡ የሚታጨድበት። ቪዲዮ ቤቱ ከካሴት ወደ ቪሲዲ ተሸጋግሮ፣ ሌላ ተዋናይ ዘበኛ ሆኖ የሠራበትን ፊልም ያሳይ ነበር። ከአጫጆቹ መካከል ተቀመጥኩ። ዘበኛው ቃል ሲያጣምም ጥቂት የከተማ ልጆች ሳቁ፣ አጫጆቹ ፈገግ ብለው አለፉት። ጌታው የደበቀውን ዘበኛው ደርሶበት አውቆ እንዳላወቀ ሲሆን ግን ቤቱ ተናጋ። አጠገቤ የነበሩት ከጎጃም የመጡ ሸምገል ያሉ ሰው ጉልበቴን መቱኝ። ፊልሙ ሲያልቅ፣ «አባቴ፣ እንዴት አዩት?» አልኳቸው። ተዋናይ መሆኔን አያውቁም።

«ጥሩ ነው ልጄ» አሉኝ። «ግን ሰውየውን ሞኝ ያደረጉት አልገባኝም። ሞኝ አይደለም እኮ፤ የሚያዳምጠው ሰው አጥቶ ነው።»

ያን ስክሪፕት መለስኩ። ፕሮዲውሰሩ ቅር ብሎት፣ «ሰው የሚስቀው ባላገር ሲወራለት ነው፤ አንተ ደግሞ ከዚያው ነህ፣ ማን ይሻልሃል?» አለኝ። ከዚያው ስለሆንኩ ነው እንቢ ያልኩት። ከዚያ ወዲህ የሚሰጠኝን ስክሪፕት ሁሉ አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፤ ይህ ሰው ሌሎቹ የማያውቁት ምን ያውቃል? የሚያውቀው ነገር ካለው ዘበኛም፣ እረኛም፣ ጫማ ጠራጊም ሆኜ እሠራለሁ። ከሌለው ክፍያው ምንም ቢሆን አልገባበትም። ለጥቂት ዓመታት ስልኬ ብዙም አልጮኸም፤ በሬዲዮ ድራማና በመድረክ ቲያትር ኖርኩ። አልተጎዳሁም ማለት አይደለም። ግን በሙያዬ ውስጥ እንደዚያ ውሳኔ የምኮራበት ነገር የለኝም።

በ2008 ካና ቴሌቪዥን የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ እያስተረጎመ ማሳየት ሲጀምር ሙያተኛው በቁጣ ተነሳ። ፍርሃታቸው ይገባኝ ነበር፤ በአንድ የአማርኛ ፊልም ወጪ ስንት ክፍል የቱርክ ድራማ እንደሚገዛ ማሰብ ያስጨንቃል። እኔን ያሳሰበኝ ግን መተማ ውስጥ ያየሁት ነው። ዲሽ በየቤቱ ገባ፤ ማታ ማታ ሰው ቪዲዮ ቤት መምጣቱን ተወ። ባለቤቱ አግዳሚዎቹን ሸጦ ቤቱን የሞባይል መሸጫ አደረገው፤ ፊልሙን ግን አልተወም፣ በሚሞሪ ካርድ ላይ ይጭናል። ሠራተኛው ካርዱን ስልኩ ውስጥ ከትቶ ወደ እርሻ ይወርዳል፤ ሌሊት ብቻውን፣ በጆሮው ሰክቶ ያያል። በ2012 ኮሮና ሲመጣ የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶችም ተዘጉ፤ ከተከፈቱ በኋላም ድሮ የነበረው ሰልፍ አልተመለሰም። ኮሜዲው ወደ ዩቲዩብ ሄደ።

ዩቲዩብን አልጠላውም። ፕሮዲውሰር ደጅ ሳይጠና ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ሠርቶ ይለቃል፤ የባላገሩ ልጅ ራሱ ባላገር ሆኖ የሚጫወትበት ጊዜ መጥቷል፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሚቸግረኝ ተዋናዩ ተመልካቹን አለማየቱ ነው። ስንት ሰው እንዳየው ቁጥሩ ይነግርሃል፤ የቱ ጋ እንደሳቀ፣ የቱ ጋ ቅር እንዳለው አይነግርህም። እኚያ የጎጃም ሽማግሌ ዛሬ ቢሆኑ ስልካቸውን ዘግተው ይተኛሉ፤ እኔም የተናገሩትን ሳልሰማ እቀራለሁ።

ከሚያዝያ 2015 በኋላ ካርቱም ስትቃጠል፣ ሰው በገላባት በኩል ወደ እኛ ይጎርፍ ጀመር። በግንቦት ቤተሰብ ልጠይቅ ወርጄ ነበር። ድልድዩን የሚሻገሩት መምህራን፣ ሐኪሞች፣ ሕፃናት የያዙ እናቶች ናቸው፤ ከመካከላቸው በኦምዱርማን ቲያትር ይሠራ የነበረ ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኘሁ። በእኔ የገላባት ዓረብኛና በእሱ ጥቂት እንግሊዝኛ ተግባባን። ተዋናይ መሆኔን ስነግረው ስለ ሲኒማ አጫወተኝ። ከ1989 እ.ኤ.አ. መፈንቅለ መንግሥት በኋላ በሱዳን ሲኒማ ቤቶች እየተዘጉ ሄዱ። አራት አንጋፋ የፊልም ሰዎች በኦምዱርማን የተዘጋ ሲኒማ ለአንድ ምሽት እንኳ ለመክፈት ሲደክሙ የሚያሳየው የሱሃይብ ጋስመልባሪ ዶክመንተሪ፣ «ስለ ዛፎች ማውራት»፣ በ2019 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ሲሸለም እሱና ጓደኞቹ ዘመኑ የተለወጠ መስሏቸው ነበር። ስለ አልፋዲል ሰዒድ ስጠይቀው ደግሞ ደነገጠ፤ «አንተ ከየት ታውቀዋለህ?» አለኝ። ተነስቼ የቢት ገዲምን አካሄድ አሳየሁት። አስተካከለኝ። እጅ የሚያርፈው ወገብ ላይ ሳይሆን ወረድ ብሎ ዳሌው ላይ ነው፤ የገዳሪፉ ሾፌር አሳስቶኝ ኖሯል። በዙሪያችን የነበሩት ሕፃናት አረፉና ያዩን ጀመር፤ እሱ አሮጊቷን ሆኖ፣ እኔ ከእሷ የሚከራከር ሐበሻ ነጋዴ ሆኜ ቆይተን ተጫወትን።

አሁን ጎንደር ሆኜ ለዩቲዩብ አጫጭር ኮሜዲ እሠራለሁ። ገንዘብ የሚያወጣው ልጅ ጎበዝ ነው፤ ገና ስንጀምር፣ «ጋሼ፣ ሳቁን ኤዲቲንግ ላይ እንጨምረዋለን» አለኝ። የታሸገ ሳቅ ከሆነ አልሠራም አልኩት። ተከራክረን በመጨረሻ ተስማማን፤ እያንዳንዱን ክፍል ከመቅረጻችን በፊት አንድ ቡና ቤት ውስጥ በሰው ፊት እንጫወተዋለን። ከሚመጡት ብዙዎቹ መንገዱ አስጊ ሆኖባቸው ከመተማ በኩል የወጡ የሰሊጥ ነጋዴዎችና የቀን ሠራተኞች ናቸው። ባለፈው ሳምንት የተጫወትነው ገበሬና የባንክ ሠራተኛ የሚነጋገሩበት ነበር። ትልቁ ሳቅ ይመጣል ባልኩበት ቦታ ቡናቸውን ጠጡ፤ ገበሬው ፎርሙን ገልብጦ ሲያነብ ግን አንዲት እናት፣ «ይኸ እንኳ የእኛ ሰው ነው!» ብለው ጮኹ። ልጁ ቀረጻውን ወደሚቀጥለው ሳምንት አሸጋግሮታል፤ እኔ ስክሪፕቱን ከፎርሙ እንዲጀምር አድርጌ እየጻፍኩት ነው።