የእንግዳው ዓሣ ትንፋሽ

ከሞምባሳ ሌሊቱን በአውቶቡስ የመጣው ካርቶን ናይሮቢ ላይ ሲከፈት፣ ኦክስጅን በተሞላው ላስቲክ ውስጥ መዳፍ የሚያህል አንድ ዓሣ ነበር። ገላው የጠራ ሰማይ የመሰለ፣ የጀርባ ክንፉ ቢጫ፣ ፊቱ ጥቁር፣ ጉሮሮው ነጭ ነው። ነጋዴዎች ፓውደር ብሉ ታንግ ይሉታል። መኖሪያው የሕንድ ውቅያኖስ የኮራል አለት ሲሆን፣ በኬንያ ጠረፍ ጠላቂዎች በመረብ እየያዙ ለገበያ ያቀርቡታል። ከጅራቱ አጠገብ በግራና በቀኝ እንደ ምላጭ የሰላ እሾኽ ስላለው እሱና ዘመዶቹ በእንግሊዝኛ «ቀዶ ሐኪም ዓሣ» ተብለዋል። መልከ መልካምነቱ የታወቀውን ያህል፣ ለአዲስ ገንዳ በሽታ ፈጥኖ እጁን የሚሰጥ መሆኑም የታወቀ ነው።

ገዢው በከተማይቱ ረዥም ዘመን የኖረ ኢትዮጵያዊ ነው፤ በሳሎኑ 300 ሊትር የሚይዝ የባሕር ውኃ ገንዳ አለው። ካርቶኑን ግን ወደ ሳሎን አላስገባውም። ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ወዳዘጋጀው ሌላ አነስተኛ ገንዳ ወሰደው። ገንዳው አሸዋም ድንጋይም የለው፤ ለመደበቂያ የተቀመጡ ሁለት የውኃ ቧንቧ ቁራጮች ብቻ ይታያሉ።

እንዲህ የተጠነቀቀው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት የዚሁ ዓይነት ዓሣ ገዝቶ፣ «ቀስ በቀስ ይልመድ» በሚል በጎ አሳብ የላስቲኩን አፍ ከፍቶ የገንዳውን ውኃ ለሁለት ሰዓት ጠብ ጠብ እያደረገ ጨምሮበት ነበር። በጎ አሳብ ዓሣን ከሚጎዳባቸው ስፍራዎች አንዱ ይህ ነው። በመንገድ ላይ ከዓሣው የሚወጣው አሞኒያ በላስቲኩ ውስጥ ይከማቻል፤ ነገር ግን አብሮት የሚከማቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውኃውን ወደ አሲድነት ስለሚያደላው የመርዙ ኀይል ይለዝባል። አፉ ተከፍቶ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲወጣ፣ ለዝቦ የነበረው አሞኒያ ስንጥብ የሚባለውን የዓሣ መተንፈሻ የሚያቃጥል መርዝ ይሆናል። ያ ዓሣ እንግዲህ ገና ከመድረሱ ቆስሎ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጎኑን ከድንጋይ ጋር ሲያሽ ታየ፤ ጨዋታ መሰለው። ትንፋሹ ፈጣን ነበር፤ የመንገድ ድካም መሰለው። በአምስተኛው ቀን በክንፎቹ ላይ የጨው ቅንጣት የሚያህሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ወጡ፤ በስምንተኛው ጠፉ። ሰውየው እፎይ አለ። ከሁሉም የከፋው ስሕተት ይኸኛው ነበር።

ክሪፕቶካርዮን ኢሪታንስ የተባለው ጥገኛ ነፍስ በዓሣው ቆዳና ስንጥብ ላይ ጥቂት ቀናት ከተመገበ በኋላ ራሱ ተላቅቆ ወደ ታች ይወርዳል። በድንጋይና በአሸዋ ላይ ቅርፊት ለብሶ በውስጡ ይከፋፈላል፤ ከአንዱ በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች ወጥተው አዲስ ገላ ፍለጋ ይዋኛሉ። ነጠብጣቡ ሲጠፋ በሽታው ዘር ሊዘራ ሄደ እንጂ አልዳነም። በዚያ ገንዳ ለአራት ዓመት የኖሩ ሁለት ብርቱካናማ ክላውን ዓሦች ነበሩ፤ ስም ያወጣችላቸው የሰውየው ትንሽ ልጅ ናት። ከአሥር ቀን በኋላ በገንዳው ውስጥ ንጹሕ ዓሣ አልተገኘም። ክላውኖቹ መጨረሻ ሞቱ፤ ልጅቷም ለብዙ ቀን በሳሎኑ በኩል ማለፍ አልወደደችም።

ከዚያ በኋላ ትልቁን ገንዳ ያለ አንድ ዓሣ 76 ቀን አቆየው። ቅርፊት የለበሰው ነፍስ እስከ 72 ቀን ድረስ ሊፈለፈል መቻሉ ተመዝግቧልና። ባዶ ውኃን ሁለት ወር ተኩል መንከባከብ ለተመልካች እብደት ይመስላል።

ሁለተኛው ዓሣ በመጣበት ሰሞን እናቱ ከደብረ ማርቆስ ለጥየቃ መጥተው ነበር። ልጃቸው ጠዋትና ማታ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብቶ በርጩማ ላይ ሲቀመጥ አይተው ጠየቁት።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«ትንፋሹን እየቆጠርኩ ነው እማዬ። ከሌሎቹ ሳልቀላቅለው እንዳልታመመ ማወቅ አለብኝ።»

እናቱ አልሳቁበትም። በእሳቸው ቤትም ከገበያ የተገዛ በሬ እስኪታይ ድረስ ለብቻው ይታሰር ነበር። ጆሮው የወደቀ፣ ጠጉሩ የቆመ፣ አፍንጫው የደረቀ፣ ማመስኳት ያቆመ እንደ ሆነ ወደ በረት አይገባም። «የዚህስ ጆሮው የት ነው?» አሉ፣ ጎንበስ ብለው።

የዓሣ ጆሮ ስንጥቡ ነው ቢባል ያስኬዳል። ሕመም ከነጠብጣብ በፊት የሚታየው እዚያ ነው፤ እንዲያውም ቬልቬት የሚባለው በሽታ አንድም ምልክት በቆዳ ላይ ሳይታይ በስንጥብ በኩል በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ዓሣው ተረጋግቶ ሳለ የስንጥቡ ክዳን በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚከፈት ይቆጠራል። ሆዱ ወደ ውስጥ የገባ፣ ክንፉን ከገላው ጋር ያጣበቀ፣ ምግብ አይቶ ፊቱን የሚያዞር ዓሣ አለ፤ ይህ ሁሉ ይታያል። ግን ባሕር ውስጥ ደካማ የመሰለ ስለሚበላ፣ ዓሣ እስከሚችለው ድረስ ጤነኛ መስሎ ይቆያል። ትንፋሹን ግን ሊደብቀው አይችልም።

የሚያሳስት ነገርም ሞልቷል። በሁለተኛው ሌሊት ሰውየው መብራት ሲያበራ ሰማያዊው ገላ ገርጥቶ አገኘው፤ ደነገጠ። ብዙ ዓሦች ሲተኙ ቀለማቸው እንደሚደበዝዝ ያስታወሰው ጠዋት ነው። አንዳንድ የአሸዋ ዓሦችማ አዲስ ቤት ሲገቡ ተቀብረው ቀናት ይሰነብታሉ፤ ሞተዋል ብሎ ቆፍሮ የሚያወጣቸው ደግሞ በእርግጥ ይጎዳቸዋል።

እስከ አምስተኛው ቀን ቁጥሩ ከ76 ብዙም አልራቀም። ዓሣው ደረቅ የባሕር ቅጠል በልቷል። በስድስተኛው ቀን ጠዋት 112 ሆነ። ዓሣው ፊቱን ወደ ውኃ መግፊያው አዙሮ ከወራጁ ፊት ቆሟል። ነጠብጣብ የለም። ሰውየው በመጀመሪያ ውኃውን መረመረ፤ በአሞኒያ የተጎዳም፣ ኦክስጅን ያነሰውም ዓሣ እንዲሁ ያለከልካልና። አሞኒያ የለም፤ ሙቀቱ 26 ዲግሪ፤ አየር መንፊያው ይሠራል። የቀረው መዳብ ነበር። መዳብ ጥገኛውን ነፍስ ይገድላል፤ ልኩ ካለፈ ግን ዓሣውንም ይገድላል፤ ኮራልና ሸርጣን ካሉበት ገንዳ ከቶ አይገባም። መጠበቅም አለ። ስንጥቡና ቆዳው የተበሳሳ የባሕር ዓሣ የገላውን ውኃ ወደ ጨዋማው ባሕር እያፈሰሰ፣ በውኃ መካከል ሆኖ ይደርቃል፤ ጊዜ አይሰጥም።

እናቱ ሰዓት እያዩ፣ እሱ እየቆጠረ እስከ እኩለ ቀን ቆዩ። 118። መድኀኒቱን ጀመረ፤ በየቀኑ እየለካ፣ ልኩን በአራት ቀን ቀስ አድርጎ ሞላው። በሁለተኛው ቀን ዓሣው ምግብ ተወ፤ ሰውየውም በገዛ እጁ የገደለው መሰለው። በአምስተኛው ቀን ቅጠሉን አንዴ ነከሰና ተፋው፤ ማታ ተመልሶ በላው። ቁጥሩ ወደ 80 ወረደ። ነጠብጣብ እስከ መጨረሻው አልታየም፤ ስለዚህ የትኛው በሽታ እንደ ነበር ማንም በእርግጥ ሊናገር አይችልም።

እናቱ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በስልክ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለዚያው ነው።

«ያ በሬህ ይበላል?»

«ይበላል እማዬ።»

«አስገባኸው?»

«ገና ነው። አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል።»

ልጅቷም እስካሁን ስም አላወጣችለትም።