ሰባት ሰው የሚይዝ ክፍል

ነገሌ ቦረና ስትነሣ ብዙው ሰው የሚያስታውሰው ወታደሩን ነው። በጥር ወር 1966 ዓ.ም. በዚያ የሠፈረው ጦር በምግቡና በውሃው ተማርሮ መኮንኖቹን ያዘ፤ ከአዲስ አበባ የተላኩትንም ጄኔራል እርሱ ከሚበላው አበላቸው፣ ከሚጠጣውም አጠጣቸው። አብዮቱ ከዚያ ጀመረ የሚሉ አሉ። እኔ ግን ነገሌን የማስባት በሌላ ነገር ነው፤ አብዮቱ ጸሎት ቤቶችን ሲያሽግ በየጓዳው በቀጠለው ጸሎት።

ወንጌላውያኑ ለቆላው ምድር እንግዳ አልነበሩም። የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን ሰዎች ወደ ያቤሎና ወደ ሜጋ የወረዱት በ1940ዎቹ ነው። በደርግ ዘመን ግን ነገሩ ተለወጠ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ፤ በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች። የእኛም ሰፈር ጸሎት ቤት ታሸገ። ምእመኑም እንደ ሌላው አገር ሁሉ በየቤቱ ተሸሽጎ መሰብሰብ ያዘ።

ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እናቴ እኔን አስከትላ ወደ አንዲት ባልቴት ቤት ትሄድ ነበር። ሰበቡ ቡና ነው። ከሰባት ሰው በላይ አይመጣም፤ ክፍሏ ጠባብ ከመሆኗም ሌላ ደጃፍ ላይ የሚደረደረው ጫማ ከበዛ ያሳብቃል። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነበር። (ሹክሹክታ ዜማን እንዴት እንደሚያጣፍጥ ያልሞከረው አያውቀውም።) ከሰባቱ አንዷ ቦረና ነበሩ። "ዋቃ" ብለው ጀምረው በቋንቋቸው ሲጸልዩ ግማሹ ሰው ቃሉን አይሰማም፤ ለማን እንደሚለምኑ ግን ሁሉም ያውቃል፤ ስም ይጠራሉና።

ዋናው ነገር ይህ ስም መጥራት ይመስለኛል። "ለታመሙት፣ ላዘኑት" የሚባል የጅምላ ጸሎት በዚያ ክፍል አልነበረም። የእገሊት ልጅ ወባ፣ የእገሌ ጓዳ ባዶ መሆን፣ በስሙ ነበር የሚነሣው። ባሏ ወደ ሰሜን የዘመተ አንዲት ነፍሰ ጡር ነበረች። የባሏ መርዶ ከመጣ በኋላ ስድስቱ ቀን ተካፍለው ውሃ ያመጡላት ጀመር። ውሃ በነገሌ ምን እንደ ሆነ የ1966ቱ ወታደር ይመስክር። እስክትወልድ ድረስ በርሜሏ ጎድሎ አላየሁም።

እንዲህ ስል ያ ክፍል የመላእክት ነበር ማለቴ አይደለም። ትንሽ ማኅበር ወሬም ይወልዳል። አንዲቱ ስለ ትዳሯ አልቅሳ የተናገረችው ነገር በሳምንቱ ገበያ ላይ ተሰማ። ሴትዮዋም ቀረች። ባልቴቲቱ ማን እንዳወራ አልጠየቁም፤ "ከእንግዲህ ቡናው እሷ ቤት ነው" ብለው ጀበናውን ራሳቸው ተሸክመው ሄዱ። ሁሉም ደጇ ላይ ጫማውን አወለቀ። ሁለት ረቡዕ በር ከፈተችላቸው እንጂ አላናገረቻቸውም፤ በሦስተኛው ቡናውን ራሷ አፈላች። ከዚህ የበለጠ ዕርቅ እስካሁን አላየሁም።

ነገሩ ከባሕር ማዶ የመጣ የሚመስላቸው አሉ። የኦርቶዶክሱ የጽዋ ማኅበር ሙሴውን መርጦ፣ በየወሩ በተራ እየደገሰ፣ የቀረውን "ምን ሆኖ ነው?" እያለ ስንት ዘመን ኖሯል! ቦረናም ቡሳ ጎኖፋ አለው፤ ከብቱ ያለቀበትን ሰው ወገኑ አዋጥቶ መልሶ ያቆመዋል። በዱብሉቅ ጥልቅ ኤላዎች ሰዎች ከሥር እስከ አፍ ደረጃ በደረጃ ቆመው፣ እየዘፈኑ ባልዲ ይቀባበላሉ። ከመካከል አንዱ ቢጎድል ወዲያው ይታወቃል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በሮቹ ተከፈቱ። በነጻነት መዘመርን የመሰለ ነገር የለም። አዳራሹ ሰፋ፣ ድምፅ ማጉያው ገባ። የቤት ኅብረቱም አልቀረም፤ ግን የጥናት መጽሐፍ፣ ሪፖርትና የስም መዝገብ ያለው ክፍል ሆነ። አሁን ደግሞ በቴሌግራም "ጸልዩልኝ" ይባላል፤ ሃምሳ ሰው "አሜን" ይጽፋል፤ ምን እንዳገኘው ደውሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም ነው።

እኔ አሁን የምካፈልበት የአዲስ አበባ ኅብረት ዘንድሮ አሥራ አራት ሰው ደርሷል። ባለፈው ወር ለሁለት እንከፈል ብዬ ሐሳብ ባቀርብ አብዛኛው ቅር አለው፤ መለያየት መስሎ ታያቸው። አንዲት አዲስ የመጣች ልጅ ግን ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቃል ሳትናገር ጥግ ላይ ትቀመጣለች። ስሟን የምናውቅ ሁለት ሰዎች ብቻ ነን። ጉዳዩ ለመጪው ሐሙስ ተቀጥሯል።