የሕፃን ፊት ላይ ቅጠል ከመጭመቃችን በፊት



በእኛ ሰፈር፣ በአቃቂ ቃሊቲ፣ የሕፃን ፊት ሽፍ ካለ መድኃኒቱ ሳይጠራ ይመጣል። አንዷ ጎረቤት ከአጥሯ ዳማከሴ ቀንጥሳ ትልካለች፤ ሌላዋ ጤና አዳም ትጨምቃለች፤ ሦስተኛዋ ለጋ ቅቤ ይዛ ትደርሳለች፤ ከጁምዓ ሶላት የሚመለሰው አባወራም ከመስጂድ በር ላይ የገዛውን የጥቁር አዝሙድ ዘይት ከኪሱ ያወጣል። በዚህ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ነው። እንዲህ ያለው የጉርብትና ፍቅር ከአላህ የተሰጠን ጸጋ ነው። ሆኖም አራት ሰው አራት መድኃኒት ይዞ ሲመጣ፣ «ለመሆኑ ሕመሙ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አምስተኛ ሰው ያስፈልጋል።

እኛ ቀን በትምህርት ቤት፣ ከዐስር በኋላ ደግሞ በመድረሳ ልጆች እያስተማርን የምንተዳደር ሰዎች ነን። ሁለተኛዋ ልጃችን ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት ሁለቱም ጉንጮቿ ላይ ሽፍታ ወጣባት። ጠይም ስለሆነች መቅላቱ ጎልቶ አይታይም፤ ጠቆር ብሎ፣ በእጅ ሲዳሰስ ግን እንደ አሸዋ ይሻክራል። ጥቂት ቀን ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል። እንዲህ እያለ አራት ወር ሞላው። ሌሊት እያከከች ትነቃለች፤ ጠዋት ትራሷ ላይ የደም ነጠብጣብ እናያለን።

አያቷ ከደሴ ሊጠይቁን መጥተው ሲያይዋት፣ «ይኼ እኮ ምች ነው። እኛ ስንቱን ልጅ በዳማከሴ አሳድገናል! እናንተ ፊደል ስለቆጠራችሁ ቅጠል ናቃችሁ?» አሉን። «ኧረ እማዬ፣ አልናቅንም። ምች መሆን አለመሆኑን እናረጋግጥና ከዚያ እርስዎ እንዳሉ ይሁን» አልናቸው። ቅር ቢላቸውም ተስማሙ።

ውድ አንባቢያን፣ ሕመምን ከሕመም መለየት ከውጭ የመጣብን ነገር አይደለም። ከ1,100 ዓመት ገደማ በፊት የኖሩት ሐኪም አቡበክር አል-ራዚ ስለ ፈንጣጣና ስለ ኩፍኝ ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈው፣ ሁለቱም በቆዳ ላይ የሚወጡ ሆነው ሳለ የተለያዩ ሕመሞች መሆናቸውን አስረድተዋል። ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን የሚያስረዳ ሐዲሥም በአቡ ዳዉድና በነሳኢ ተዘግቧል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለው አዘዋል፤ መታከም ደግሞ ማወቅን ይጠይቃል።

የሕፃን ፊት ላይ የሚወጣው ሁሉ አንድ አይደለም። ክብ ሆኖ ዳር ዳሩ ከፍ ያለው ጭርት ሊሆን ይችላል። ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት የሚይዘው በባክቴሪያ የሚመጣ ቁስል ነው። ትኩሳት፣ ሳልና የዓይን መቅላት ከታከለበት ኩፍኝ ሊሆን ስለሚችል አያድርም። ልጃችንን በጤና ጣቢያ ያዩዋት ባለሙያ ግን «ችፌ ነው» አሉን። የችፌ ቆዳ ልስኑ እንደተሰነጠቀ ግድግዳ ነው፤ እርጥበቱ ይወጣል፣ የሚቆጠቁጠው ነገር ይገባል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ብዙ ጊዜ አስም ወይም አለርጂ ባለበት ቤተሰብ ውስጥ ይታያል። ይህን ስንነግራቸው አያቷ ዝም ብለው ቆዩና፣ «የኔም እናት አስም ነበረባቸው» አሉ።

«ከተፈጥሮ የተገኘ ምን ይጎዳል?» የሚሉ አሉ። እንዶድን እንመልከት። እናቶቻችን ልብስ ያጥቡበት የነበረው ይህ ፍሬ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ አስተውለው፣ በዚሁ ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። አላህ በቅጠልና በፍሬ ውስጥ ኃይል አኑሯል። ኃይል ያለው ነገር ደግሞ ያለ ቦታው ከዋለ ይጎዳል።

ጤና አዳም ሽታው ደስ ይላል፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ያቃጥላል፣ ውሃ ያስቋጥራል። ሎሚም እንዲሁ ነው። የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት የሕፃን ቆዳ ላይ ታስሮ ከቆየ እንደ እሳት ይልጣል። ለጋ ቅቤ ያልፈላ በመሆኑ ለተሰነጠቀ ቆዳ ጀርም ሊያቀብል ይችላል። ዳማከሴን አባቶቻችን ለምች ተጠቅመውበታል፤ ችፌ ግን ምች አይደለም። ቅጠሉ የበቀለበት ስፍራም ይታይ፤ የአቃቂ ወንዝ የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ ተሸክሞ እንደሚወርድ የማያውቅ የሰፈራችን ሰው የለም። ከወንዙ ዳር የተቀነጠሰ ቅጠል ለቆሰለ ፊት አይሆንም።

ስለ ጥቁር አዝሙድና ስለ ወይራ ዘይት የሚጠይቁን ብዙ ናቸው። ሁለቱም በሐዲሥ የተወደሱ ናቸው፤ እኛም ከማዕዳችን አናርቃቸውም። ነገር ግን የጥቁር አዝሙድ ዘይት አንዳንዱን ሰው ቆዳውን እንደሚያስቆጣ ታይቷል። የእንግሊዝ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት የወይራ ዘይት ለሳምንታት ሲቀባ የአዋቂዎችን እንኳ የቆዳ መከላከያ እንዳዳከመ፣ የሱፍ አበባ ዘይት ግን ይህን ጉዳት እንዳላደረሰ ተገልጿል። ይህ ለእምነታችን አያስደነግጥም። ኢብኑል ቀይም (በ751 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት) ነቢያዊ ሕክምናን ሲያብራሩ፣ ትኩሳትን በውሃ ማብረድ የሚለው ምክር ለሒጃዝ ሰዎችና እነሱን ለመሰሉት የተነገረ መሆኑን ጽፈዋል። መድኃኒትን ከአገሩ፣ ከሰውየውና ከሕመሙ ጋር ማዛመድ የዑለማዎቻችን መንገድ ነው። ማርም በቁርኣን ፈውስ እንዳለበት ተነግሯል፤ ሆኖም ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር አይቅመስ። አልፎ አልፎ በማር ውስጥ የሚገኝ ጀርም አንጀቱ ላልጠነከረ ሕፃን ለሕይወት የሚያሰጋ መርዝ ያመነጫል።

ታዲያ እኛ ምን አደረግን? በለብ ያለ ውሃ፣ ከ10 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ማጠብ ጀመርን። ሽታ ያለውን ሳሙና አስወገድን። ፊቷን ሳንፈትግ በለስላሳ ፎጣ ጫን ጫን አድርገን፣ ቆዳዋ እርጥብ እንዳለ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ቀባናት፤ ይህንም በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ። ጥፍሯን አሳጠርን፤ ሱፍ ልብስ ትተን ጥጥ አለበስናት። ከመብላቷ በፊት ጉንጯን ቫዝሊን ስንቀባት ምራቋና የወጡ ቅባት አልቆጠቆጣትም። ሲብስባት ባለሙያው ያዘዙትን ቀለል ያለ ቅባት ለተነገረን ቀን ብቻ ተጠቀምን።

ከተፈጥሮም አንድ ነገር መረጥን፤ አጃ። ደቅቆ የተፈጨ አጃ በንጹሕ ነጠላ ቁራጭ ቋጥረን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ስንጨምቀው ውሃው እንደ ወተት ይነጣል፤ ይህም የሚያሳክክ ቆዳን ያለዝባል። መጀመሪያ ክንዷ ላይ በትንሹ ሞክረን አንድ ቀን ሙሉ ጠበቅን። ይህን ሥራ ለአያቷ ሰጠናቸው። አጃውን የሚያስፈጩት፣ የሚነፉት፣ ቢስሚላህ ብለው ጉንጯን የሚያረጥቡት እሳቸው ሆኑ። ቅሬታቸውም በዚያው ቀረ።

ሽፍታው ጨርሶ ጠፋ አንልም፤ ችፌ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጅቷ ሌሊቱን ሙሉ ተኛች፤ አልሐምዱሊላህ።

ወላጆች ሆይ፣ ሦስት ነገር አደራ እንላለን። አንደኛ፣ መግል፣ ቢጫ ቅርፊት፣ ትኩሳት ወይም በድንገት የተሰበሰቡ ውሃ የቋጠሩ ቁስሎች ካያችሁ በቤት አትቆዩ። ከጤና ጣቢያው በላይ ከሆነ በክፍለ ከተማችን ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ፤ ለከባድ የቆዳ ሕመም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመው አለርት አለ። ሁለተኛ፣ ከንፈሩ ላይ «ምች» የወጣበት ሰው ችፌ ያለበትን ሕፃን አይሳም፤ ያ ቁስል ብዙውን ጊዜ በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ በችፌ ቆዳ ላይ ከተሰራጨም አደገኛ ነው። ሦስተኛ፣ ምንነቱ ያልተጻፈበትን፣ በሦስት ቀን ያድናል የተባለ ቅባት ልጅ ፊት ላይ አታድርጉ።

ቅጠል ይዛ የምትመጣውን ጎረቤት አመስግኑ፣ ቡና አፍሉላት፣ ዱዓዋንም ተቀበሉ። ቅጠሉን ግን ሕመሙ እስኪታወቅ አቆዩት። ሰበብ ማድረስ የኛ፣ ሺፋው የአላህ ነው።

ወላሁ አዕለም።