ቡናና ክራር

በ1894 ዓ.ም. በተደረገው ውል እንግሊዞች በጋምቤላ የንግድ ስፍራ ካገኙ በኋላ፥ የኢሉባቦር ቡና ከጎሬ በበቅሎ ወርዶ፥ ባሮ በክረምት ሲሞላ በመርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር፤ በምትኩም ጨውና ልብስ ይመጣ ነበር። ዛሬ የውጭ አገር የዜማ መሣሪያም በቡና ዋጋ ይገዛል።

መግዛቱ አያስነቅፍም። በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ የአርመን ልጆች የናስ መለከት ቢነፉ፥ አገር ተጠቀመ እንጂ አልተጎዳም። የክራሩም አውታር ቢሆን ዛሬ ብዙ ጊዜ የበግ ጅማት መሆኑ ቀርቶ ከውጭ የመጣ ናይሎን ሆኗል።

ነገር ግን የውጭው መሣሪያ ሲሰበር ዳግመኛ ቡና መሸጥ ያሻል፤ ክራሩን ግን እንጨቱን የጠረበው፥ ቆዳውን የወጠረው ጎረቤት ያድሰዋል። ያ ሠሪ ገዢ ቢያጣ ልጁ ሥራውን አይማርም። እንግዲህ አውታሩ ከባሕር ማዶ ቢመጣ ግድ የለም፤ የሠሪው እጅ ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ በቡና አይለወጥም።