ሙት ዓመቱ ሳይወጣ

የአክስቴ ልጅ ግንበኛ ነበር። ጥቅምት 2016 ዓ.ም.፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የአራተኛ ፎቅ ግድግዳ ሲለስን የቆመበት የባሕር ዛፍ ርብራብ ተሰብሮ ወደቀ፤ ሆስፒታል ሳይደርስም ሕይወቱ አለፈ። ሚስቱን፣ ሁለት ልጆቹንና ጎጃም ሆና እጁን ስታይ የምትኖረውን እናቱን ትቶ ሄደ።

በሠልስቱ አሠሪው ራሱ ድንኳናችን ድረስ መጣ። ሰውየውን ላክፋፋው አልፈልግም። አለቀሰ፣ ንፍሮ ዘገነ፣ ሊወጣ ሲል በፖስታ የታሸገ ሃምሳ ሺህ ብር አስጨብጦኝ «ልጆቹ የእኔም ልጆች ናቸው» አለኝ። እኛም መርቀን ሸኘነው። የጽሑፍ ነገር አልተነሳም። ለቅሶ ቤት ወረቀት ማን ይጠይቃል?

በአርባው ማግሥት ሚስቱ ወደ ጓዳ ጠራችኝና «ጋሼ፣ ሰዎች ካሳ አለው ይላሉ፤ ማንን ልጠይቅ?» አለችኝ። የመለስኩላትን ቃል ዛሬም አልረሳውም። «ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ምን ክስ አለ? አፈሩ እንኳ አልደረቀም!» አልኳት። የሟቹን ደም ሊሸጡ ነው እንዳንባል ፈርቼ ነው። ሽማግሌዎቹም ደገፉኝ። እርሷ ዝም አለች፤ እንጀራ ጋግራ መሸጥ ጀመረች።

ሙት ዓመቱ በጥቅምት 2017 ወጣ። ታኅሣሥ ላይ ሁለታችን ጠበቃ ዘንድ ሄድን። ሰውየው ስለ ርብራቡ ይጠይቀናል ብዬ ስጠብቅ «መቼ ነው የሞተው?» አለ። ነገርኩት። በጣቱ ቆጠረና ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ በሥራ ላይ በደረሰ አደጋ ሲሞት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው። ሟቹ ሆነ ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ካልሆነ በቀር ማለት ነው፤ ሰክሮ መገኘትና የተሰጠን ግልጽ የደኅንነት መመሪያ መጣስም እንደዚያው ይቆጠራሉ። (አሠሪዎች ስለ ሟች መጠጥ የሚያወሩት ለምን እንደሆነ ያን ዕለት ገባኝ።) ለሠራተኛው የጡረታ መዋጮ ሲከፈል ከነበረ ተተኪዎቹ ወደ ጡረታው ይሄዳሉ። የእኛ ልጅ ግን በቃል የተቀጠረ ነበር፤ አንድ ወር እንኳ አልተከፈለለትም። ጡረታ ለሌለው ቤተሰብ የሚሰጠው ካሳ የአምስት ዓመት ደመወዙ ነው። ግማሹ ለሚስት፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ከመቶ አሥር፣ በእርሱ ትጦር ለነበረች እናትም ከመቶ አሥር፤ የሚተርፈው በዚያው መጠን ይደለደልላቸዋል።

ጠበቃው የልጁን ገቢ በወር አሥራ ሁለት ሺህ ብር አድርጎ አሰበውና ቁጥሩን ጻፈልን፦ 720,000 ብር። ክሱም የዳኝነት አይከፈልበትም ነበር።

«ነበር» አለ ጠበቃው። የይርጋው ጊዜ አንድ ዓመት ነው። እኛ ጠላ ጠምቀን፣ ድንኳን ተክለን ሙት ዓመቱን ስናወጣ የሕጉም በር በዚያው ሰሞን ተዘግቷል። አሠሪው ያን ዕለት ካሳ እንዳለበት በሁለት መስመር አምኖ ቢፈርም ኖሮ የይርጋው ቆጠራ ይቋረጥ ነበር። ሰውየው ደግሞ ያን ዕለት ቢጠየቅ ይፈርም እንደነበር እኔ አልጠራጠርም፤ ያን ጊዜ እንባው እውነተኛ ነበር።

ሚስቱ ወደ እኔ አልዞረችም። የጠረጴዛውን ጨርቅ ጠርዝ በጣቷ ትጠቀልል ነበር።

ለእኛ የቀረልን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በዚያ መንገድ የሚከሰስበት ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ ነገር ግን የአሠሪውን ጥፋት ማስረዳት በእኛ ላይ ይወድቃል። ርብራቡ የበሰበሰ መሆኑን፣ ቀበቶ አለመሰጠቱን ያየ ሰው ማቅረብ ይኖርብናል። ተከራካሪው «ጉዳዩ የሥራ ክርክር ነው፤ እርሱም በይርጋ ታግዷል» ብሎ መቃወሙ እንደማይቀር ጠበቃው አልደበቀንም። ስለ ኀዘኑስ ብዬ ጠየቅሁት፤ ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ከአንድ ሺህ ብር እንዳይበልጥ ሕጉ ወስኗል። አንድ ሺህ ብር በ1952 ብዙ ነገር ይገዛ ነበር።

ክሱን ግንቦት 2017 ላይ አስገባን። ርብራቡ በነጋታው ፈርሶ ለማገዶ ሄዷል። ያየ አንድ ሰው አለ፤ ጭቃ ያቀብለው የነበረው ረዳቱ። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ስልኩን አግኝቼ ደወልኩለት። ስለ ሟቹ ሲያወራ ድምፁ ተቆራረጠ፤ እንጨቱ ከሳምንት በፊት መሰንጠቁን ለፎርማኑ ነግረው እንደነበርም ነገረኝ። «ይህንኑ ለዳኛ ትነግርልናለህ?» አልኩት።

ዝም አለ። ከጀርባው የሲሚንቶ ማቡኪያ ሲዞር ይሰማኛል።

«ጋሼ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «እኔ እኮ አሁንም የምሠራው እዚያው ሰውዬ ዘንድ ነው።»