የተቃጠለችው አምፖል ሒሳብ

እኛ የተማርነው ጋዜጠኝነት ነው። ስለ ኤሌክትሪክ በእርግጠኝነት የምናውቀው መብራት እንደሚጠፋ ብቻ ነው። እናላችሁ፣ ባለፈው ክረምት ኤሌክትሪካል ምሕንድስና የጨረሰ ጓደኛችን «አምቦ ሄጄ ልጆችን ኤሌክትሮኒክስ በእጃቸው እያሠራሁ ላስተምር ነው» ሲለን፣ ዘገባ እንሠራለን ብለን ተከተልነው። ሆለታንና ጊንጪን አልፈን አምቦ ስንደርስ ማስታወሻ ደብተራችን ቦርሳ ገባ፤ ሽቦ መላጥ ተሰጠን። ሳናስተምርም «ቲቸር» ተባልን።

ልጆቹ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ናቸው። ጓደኛችን የኦም ሕግን ጠየቃቸው። ሁሉም በአንድ ድምፅ «ቪ ኢኩዋልስ አይ አር!» አሉ። አንድ የባትሪ ድንጋይ አነሣና «ፖዘቲቩ የትኛው ጫፍ ነው?» ሲላቸው ግን ዝም። አልሳቅንም። እኛም ፊዚክስን ያለፍነው እንደዚያው ነው። የተማርንበት ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ነበረው፤ የምናውቀው ግን በመስኮት ነው። ታላላቆቻችን ደግሞ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በፕላዝማ ተማሩ፤ ሙከራውን የሚሠራው ቴሌቪዥኑ፣ የሚገለብጠው ተማሪው!

ሥራው መኪና ነበር። አካሉ ሽቦ፣ ጎማው የአምቦ ውሃ ቆርኪ፣ ዓይኑ ቀይ ኤልኢዲ። መኪናውን ማንም ማስተማር አላስፈለገም፤ እሱንማ ከሕፃንነታቸው ይሠሩታል። ከሁሉም ያማረ መኪና የሠራው ልጅ ቸኮለና ኤልኢዷን ባለ 9 ቮልት ባትሪ ላይ በቀጥታ አገናኛት። ቦግ ብላ ጠፋች። ልጁ ላብ አጠመቀው። «ቲቸር፣ ስንት ነው የምከፍለው?» አለ።

ለምን ተቃጠለች አላለም፤ ስንት ነው አለ። ዋጋዋ አንድ ስኒ ሻይ እንኳ የማይገዛ ዕቃ!

ጓደኛችን «ክፍያው ምክንያቱን መንገር ነው» አለው። ተያይዘው ማስላት ጀመሩ። ከ9 ቮልቱ ቀይዋ 2 ያህል ትወስዳለች፣ 7 ይተርፋል። የምትችለው 20 ሚሊ አምፔር፣ ማለትም 0.02 አምፔር ነው። 7 ለ0.02 ሲካፈል 350 ኦም። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ሬዚስተሮች 330 እና 390 ነበሩ። ልጁ 390ን አነሣ። ለምን ስንለው «ሌላ እንዳላቃጥል» አለ። ቪ ኢኩዋልስ አይ አር ያኔ ገባችው፤ እኛም ያኔ ገባችን። ሁለቱ ዓይኖች ሲበሩ ክፍሉ «ኢፋ! ኢፋ!» ብሎ ጮኸ፤ በኦሮምኛ ብርሃን ማለት ነው።

ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ወንጪ አለች። በፈረንጆቹ 2012 አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ ለሚገኙ፣ ማንበብ ለማይችሉ ሕፃናት ታብሌቶችን ከነካርቶናቸው ሰጠ። አስተማሪ አልነበረም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት፣ አንድ ልጅ ማብሪያውን ያገኘው በ4 ደቂቃ ነው፤ ልጆቹ በ5 ወር ውስጥ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፍተዋል። ምሥጢሩ ምን ይመስላችኋል? እኛ «ብታበላሹ ትከፍላላችሁ» ያላቸው ስላልነበረ ይመስለናል።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ ሲሆን ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያኔ ሁሉም «ልጆቹ አያነቡም» አለ። ያነባሉ እኮ! ያልተፈቀደላቸው መንካት ነው።

በመጨረሻው ቀን የዕቃውን ሳጥን ለትምህርት ቤቱ አስረከብን። የተረከቡን ሰው በቅንነት «አይዟችሁ፣ አንድም ዕቃ አይጎድልም፤ ቆልፈን እናስቀምጠዋለን» አሉን። ተያየን። «ጋሼ፣ ይጉደል እንጂ! እኛ የፈራነው ሳይጎድል እንዳይቀር ነው» አልናቸው። ሳቁ፤ ቁልፉ ግን ኪሳቸው ገባ።

ልጁ የተቃጠለችዋን ኤልኢዲ አልጣላትም፣ ይዟት ሄደ። በጥር ለዕረፍት ስንመለስ መጀመሪያ የምናየው የሳጥኑን ውስጥ ነው። ሞልቶ ካገኘነው ከስረናል። ቸር ይግጠመን!